ሳቅ የሌለበት የሳቅ ሽልማት? አወዛጋቢው የጎልደን ግሎብ የኮሜዲ ዘርፍ

በአውሮፓውያኑ 2017 መገባደጃ የጎልደን ግሎብ እጩዎች ይፋ ሲደረጉ፣ ከዩጋንዳውያን ወላጆች ለንደን ውስጥ የተወለደው ዳንኤል ካሉያ ስሙ የሰፈረው ብዙዎች ባልጠበቁት ዝርዝር ውስጥ ነበር። ዘርፉ “በኮሜዲ ወይም በሙዚቃዊ ፊልም ምርጥ መሪ ተዋናይ” የሚል ነው።

ካሉያ የታጨበት “ጌት አውት” ግን የነጭ ፍቅረኛውን ወላጆች ሊተዋወቅ ሄዶ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ወጥመድ ውስጥ የሚወድቅ የጥቁር ወጣት ታሪክ ነው። በፍርሃት የታየ ፊልም ከኮሜዲ ጎራ መመደቡ ብዙዎችን አስቆጣ። ዳይሬክተሩ ጆርዳን ፒል ሳይቀር ፊልሙን “ዘጋቢ ፊልም” ብሎ በመጥራት በምደባው ላይ ተሳልቋል።

ክርክሩ ከአንድ ፊልም ያለፈ ነው። አንድ ታሪክ አስቂኝ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ከውሳኔውስ የሚጠቀመው ማን ነው?

ለሳቅ የተለየ ቦታ

ከ1944 ጀምሮ የሚሰጠው ጎልደን ግሎብ መሪ ተዋንያንን በሁለት ጎራ መሸለም የጀመረው በ1951 ነው። ድራማ በአንድ ወገን፣ ኮሜዲና ሙዚቃዊ ፊልም በሌላ ወገን ሆኑ። በአዲሱ ዘርፍ የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች እውቁ ዳንሰኛና ተዋናይ ፍሬድ አስቴር እና ተዋናይት ጁዲ ሆሊዴይ ነበሩ።

የክፍፍሉ ደጋፊዎች መከራከሪያ ቀላል ነው። ማስለቀስ እንደ ጥበብ፣ ማሳቅ ደግሞ እንደ ጨዋታ በሚቆጠርበት መድረክ ሁለቱ እኩል ሊመዘኑ አይችሉም። እንዲህ ያለ ክፍፍል በሌለው ኦስካር፣ አሳቂ ተዋናይ ከአሳዛኝ ታሪክ ተዋንያን ጋር ተፋልሞ ማሸነፍ ይጠበቅበታል።

ስልት የሆነው ምደባ

ችግሩ የሚጀምረው ከማመልከቻው ነው። ፊልሙ በየትኛው ዘርፍ እንዲወዳደር አስቀድሞ የሚጠይቀው አቅራቢው ድርጅት ሲሆን፣ አዘጋጁ አካል ጥያቄውን መርምሮ ይቀበላል ወይም ይለውጣል።

በ2016 ማት ዴመን የኮሜዲና ሙዚቃዊ ዘርፉን ያሸነፈው ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ጠፈርተኛን በተጫወተበት “ዘ ማርሺያን” ነበር። በዚያው ምሽት በድራማ ዘርፍ ያሸነፈው “ዘ ሬቨናንት” ላይ የተወነው ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ነው። ሁለቱንም ፊልሞች ያሠራጨው አንድ ስቱዲዮ፣ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ ነበር። በአንድ ዘርፍ ቢገናኙ ኖሮ አንዱ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

የ“ዘ ማርሺያን” ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት እንኳ ለምርጥ ኮሜዲ ወይም ሙዚቃዊ ፊልም የተሰጠውን ሽልማት ሲቀበል በምደባው መገረሙን አልደበቀም። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተሻሻለ፤ ቀልድ ጣል ጣል ያለበት ድራማ በድራማነቱ እንዲቀርብ ተደነገገ። “ጌት አውት” በኮሜዲነት የታጨው ግን ከዚህ ማሻሻያ በኋላ ነው።

በሙዚቃው በኩልም ድንበሩ ግልጽ አይደለም። ጄሚ ፎክስ የሬይ ቻርልስን የሱስና የስኬት ታሪክ ተጫውቶ በ2005 በኮሜዲና ሙዚቃዊ ዘርፍ ተሸለመ። ከግብፃውያን ወላጆች የተወለደው ራሚ ማሌክ በ2019 የፍሬዲ መርኩሪን ሕይወት ተጫውቶ ያሸነፈው በድራማ ነው። በዓመቱ ኤልተን ጆንን የተጫወተው ታሮን ኤጀርተን ደግሞ በሙዚቃዊ ዘርፍ አሸነፈ። ሦስቱም የእውነተኛ ሙዚቀኞች የሕይወት ታሪኮች ናቸው።

ማን ይወስናል?

ስልቱ ያለምክንያት አልመጣም። ጎልደን ግሎብ የሚሰጠው ከኦስካር በፊት በመሆኑ፣ በዚያ የሚገኝ ድል የተዋናዩን ስም ያነሣል፤ የፊልሙንም ዘመቻ ያጠናክራል። ድሉ ግን ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። በ2025 ዴሚ ሙር “ዘ ሰብስታንስ” በተሰኘው አስፈሪ ፊልም የኮሜዲና ሙዚቃዊ ዘርፉን ስታሸንፍ፣ ከ30 ዓመት በፊት አንድ ፕሮዲውሰር ችሎታዋን አሳንሶ እንደነበር ተናግራ ታዳሚውን አስደምማለች። በኦስካር ያሸነፈችው ግን በጎልደን ግሎብ በእርሷ የተረታችው ማይኪ ማዲሰን ናት።

እርግጥ ነው፣ “ጌት አውት”ም ሆነ “ዘ ሰብስታንስ” መራራ ስላቅ አላቸው። ከሰምና ወርቅ ጋር ላደገ አንባቢ ሳቅ ሐዘንን ተሸክሞ መምጣቱ እንግዳ አይደለም። የ“ጌት አውት” ተቺዎች ቅሬታ ግን ሌላ ነው፤ የጥቁሮች ስጋት መዝናኛ ተብሎ መሰየሙን ነው የተቃወሙት።

ሰያሚዎቹ እነማን እንደነበሩ በ2021 ይፋ ሲሆን ቅሬታው ክብደት አገኘ። ሎስ አንጀለስ ታይምስ እንደዘገበው፣ ሽልማቱን ይሰጥ ከነበረው ማኅበር 87 አባላት መካከል አንድም ጥቁር አልነበረም። ተቃውሞው በርትቶ ቶም ክሩዝ ሦስት ሽልማቶቹን መለሰ፤ ከእነዚህ አንዱ በኮሜዲና ሙዚቃዊ ዘርፍ ያገኘው ነበር። ማኅበሩ በ2023 ፈርሶ፣ ዛሬ ድምፅ የሚሰጡት ከተለያዩ አገራት የተውጣጡ ከ300 በላይ ጋዜጠኞች ናቸው።

ለአፍሪካ የሚተርፍ ትምህርት

ጥያቄው ለአህጉሪቱም ባዕድ አይደለም። የስዋሂሊ ፊልሞችንም የሚሸልመው የናይጄሪያው የአፍሪካ ማጂክ የተመልካቾች ምርጫ ሽልማት፣ ለኮሜዲና ለድራማ መሪ ተዋንያን ለዓመታት የተለያዩ ሽልማቶችን ሲሰጥ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ወደ አንድ ጠቅልሏቸዋል። የፍቅር ኮሜዲ ሰፊ ቦታ በያዘበት የአዲስ አበባ ሲኒማም፣ ሕዝብን የሚያስቁ ተዋንያን ጥበብ በምን ይመዘን የሚለው ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የጎልደን ግሎብ ተሞክሮ ሁለቱም መንገዶች ዋጋ እንዳላቸው ያሳያል። አንድ ዘርፍ ብቻ ሲኖር አሳቂው በድራማው ጥላ ይዋጣል። ሁለት ሲኖሩ ደግሞ፣ ወሰናቸው በጥብቅ ካልተጠበቀ፣ ድራማው ለአሳቂው የተዘጋጀውን ወንበር ይወስድበታል። ለሳቅ ክብር ሲባል የተከፈተ ዘርፍ ክብሩን የሚጠብቀው፣ ማን እንደሚገባበት የሚወስነው ደንብ ከዘመቻ ስሌት ነፃ ሲሆን ብቻ ነው።