የአሮጌ ሌንስ ሒሳብ፦ የሩቅ ፎቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ስንት ያወጣል?

የውጭ ምንዛሪ ገበያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ ነጋዴው ሲገናኝ የሚያወራው ስለ ዘይት፣ ስለ ብረትና ስለ መኪና መለዋወጫ ነው። ስለ ካሜራ የሚያወራ ብዙ ሰው የለም። ይሁንና ዶላር በባንክ ከ57 ብር ግድም በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ሲዘልና ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ሲያልፍ ክፉኛ ከተመቱት ሥራዎች አንዱ የፎቶ ቤት ሥራ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካሜራና ሌንስ አገር ውስጥ አይሠሩም። የፎቶ ባለሙያው ገቢ በብር ነው፤ የሥራ መሣሪያው ዋጋ ግን በዶላር ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ በይበልጥ የራቀው የሩቅ ሌንስ ወይም ቴሌፎቶ የሚባለው ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዲሶቹ ካሜራዎቹ ያወጣው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ሲወጣ ዋጋው 2,699 ዶላር ነበር። ሶኒ በ2021 ያወጣው ተመሳሳይ ሌንስም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን በ130 ብር እንያዘው፤ ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይጨመር ከ350,000 ብር ይበልጣል። አንድ የደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት ከእያንዳንዱ ሥራ ላይ ለዚህ ሌንስ ማካካሻ 1,000 ብር ቢያነሳ ከ350 በላይ ሥራ መሥራት አለበት ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ሥራ ቢያገኝ እንኳ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በየሳምንቱ ሁለት ሥራ የሚገኝበት ወቅት ደግሞ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ጾሙም ክረምቱም ደንበኛ ያሳጣሉ።

ስለዚህ በዚህ አምድ ማንሳት የፈለግሁት ሌላውን ዕቃ ነው። አያቶቻችን ባይሆኑም አባቶቻችን የሚያውቁት፣ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ሞተርም ቺፕም የሌለው አሮጌ ቴሌፎቶ። የ200 ሚሊ ሜትሩ የቀድሞ ካኖን ወይም የ135 ሚሊ ሜትሩ የሶቪየት ጁፒተር በውጭ አገር ያገለገለ ዕቃ ገበያ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። በዚያው ስሌት 80 ዶላር የሚያወጣው ሌንስ 10,400 ብር ይሆናል። ከላይ ባልነው ማካካሻ ባለቤቱ በ11ኛው ሥራ ዕዳውን ይጨርሳል።

ይህ ዕቃ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ ጀርመን ተምረዋል፤ ሲመለሱ ከሻንጣቸው ዜኒት ወይም ፕራክቲካ ካሜራ መውጣቱ የተለመደ ነበር። (ከምሥራቅ ጀርመን ጋር የነበረን ንግድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የቡና ዋጋ ሲሰቀል እነርሱ መሣሪያና የጭነት መኪና እየሰጡ ከእኛ ቡና ይወስዱ ነበር።) የዜኒትም የፕራክቲካም ሌንስ በአብዛኛው 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥርስ እንደ ብሎን የሚጠብቅ ነው። ከእነዚህ ሌንሶች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ባለቤቶቹ የሚያዩዋቸው እንደ ቅርስ ወይም እንደ ቆሻሻ ነው፤ የሥራ መሣሪያ መሆናቸውን ያሰበ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የ50 ዓመት መስታወት በዛሬ ዲጂታል ካሜራ ላይ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ይሠራል ወይ? መልሴ፣ ለተወሰኑ ሥራዎች በሚገባ ይሠራል፤ ለአንዳንዶቹ ግን ፈጽሞ አይሆንም የሚል ነው።

በፊልም ዘመን በእጅ ፎከስ ማድረግ ውድ ነበር። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ምስል ብቻ ይይዛል፤ አሥሩ ቢደበዝዝ የአሥሩ ፊልም፣ ማጠቢያና ወረቀት ከኪስ ይወጣል። በዲጂታል ካሜራ ግን የአንድ ተጨማሪ ምስል ወጪ ዜሮ ሊባል የሚችል ነው። አምስት ጊዜ ስቶ ስድስተኛውን ያገኘ ባለሙያ የከሰረው ጊዜውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ አዳዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ምስሉን በመመልከቻው ውስጥ አጉልተው ያሳያሉ፤ ፎከስ ያረፈበትን ጠርዝም በቀለም ያመለክታሉ። ስለዚህ የአሮጌው ሌንስ ዋና ድክመት የነበረው የስህተት ዋጋ ወርዷል። ብዙዎቻችን የዲጂታል ካሜራ ጥቅም የምስሉ ጥራት ይመስለናል፤ ለደሃ አገር ፎቶ አንሺ የሚበልጠው ጥቅም ግን ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ረዳት የደጋው ብርሃን ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በጠራ ፀሐይ የካሜራውን ስሜት በ200 አድርጎ የሌንሱን ቀዳዳ በ5.6 ሲይዙ ሸተሩ እስከ 1,600ኛ ሰከንድ ድረስ መፍጠን ይችላል። በውዱና በርካሹ ሌንስ መካከል ያለው ትልቁ የዋጋ ልዩነት የሚከፈለው በጨለማ ለመሥራት ነው። በቀትር ጎጃም ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ያ ልዩነት ሥራ ፈት ካፒታል ነው። አሮጌ ሌንስ በሙሉ ክፍቱ ለስላሳና ጭጋጋማ ምስል የመስጠት ልማድ አለው፤ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ሲጠብ ግን ይስተካከላል። የቀትሩ ጣጣ ሌላ ነው። ከታረሰ መሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ያ መንቀጥቀጥ ይጎላል። ለዚህ 350,000 ብር የሚያወጣውም ሌንስ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ ማለዳ መነሳት ነው።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ። በጥምቀት ሰሞን ጉግስ አለ። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር መካከል ባለችው እንጅባራ ደግሞ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ፈረሰኛው ሲሸመጥጥ ፎቶውን የማይፈልግ ማን ነው? በዓሉን የሚያነሳ ሰው ራቅ ብሎ መቆም ስላለበት የሩቅ ሌንስ ግድ ይለዋል። ብዙዎች ይህ ሥራ ያለ ኦቶፎከስ አይሞከርም ይላሉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ5.6 ቀዳዳ፣ በሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ 30 ሜትር ርቀት ላይ ያለ አንድ ድንጋይ ላይ ፎከስ ተደርጎ ቢቆለፍ ከ26 ሜትር ተኩል እስከ 34 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ ቦታ ነው። በሰከንድ 12 ሜትር የሚሮጥ ፈረስ ይህን ቦታ ለማለፍ ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ በላይ ይወስድበታል፤ በሰከንድ ስምንት ምስል የሚያነሳ ካሜራ በዚያ ጊዜ አራት ወይም አምስት ያገኛል። ባለሙያው ማድረግ ያለበት ፈረሱን ማሳደድ ትቶ ፈረሱ የሚያልፍበትን ቦታ መምረጥ ነው።

ለቁም ነገር ፎቶ ደግሞ፣ ማለትም ለተመራቂ፣ ለሽማግሌና ከሰርግ ማግስት ለሚነሱ ሙሽሮች፣ 135 ሚሊ ሜትሩ ከበቂ በላይ ነው። ከረቡዕ ገበያ አልፎ ጮቄ ላይ ጅብራውን ለሚያነሳም እንደዚሁ፤ ጅብራ አይሮጥም።

የማይሆነው የሰርጉ ዕለት ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ እናት ስታለቅስ፣ ሚዜዎች ሲገፋፉ ማንም ቆሞ ቀለበት አያጠማዝዝም። ያ ቅጽበት አይደገምም፤ ደንበኛውም ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚያ ነው። ሰርግ የሚሠራ ፎቶ ቤት ቢያንስ አንድ ኦቶፎከስ ያለው ሌንስ ሊኖረው ይገባል፤ አሮጌው ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ መሣሪያ ነው።

ገዢው የሚታለልበትን ቦታ ደግሞ በዝርዝር ማየት ይሻላል፤ ደላላው በብዛት የሚጫወተው እዚህ ላይ ነውና። ሌንስ ሁሉ ከሴንሰሩ በተወሰነ ርቀት ላይ መቀመጥ አለበት። ባለ መስታወቱ ዲጂታል ካኖን የተሠራው በ44 ሚሊ ሜትር ርቀት ነው። የዜኒትና የፕራክቲካ ብሎን ሌንስ 45 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በቀጭን ቀለበት ይገጥማል። የኒኮን ሌንስም 46 ተኩል ስለሆነ ካኖን ላይ ይገባል። የራሱ የካኖን አሮጌ ሌንስ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 በፊት የነበረው፣ የተሠራው ለ42 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ 2 ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል፤ ተገድዶ ቢገጠም ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያሳይም። የሩቅ ሌንስ ሩቁን ካላሳየ ምን ይሠራል? «ካኖን ለካኖን» እያለ የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል። በኒኮን ባለ መስታወት ካሜራ ላይ ደግሞ የብሎኑ ሌንስ ይቸገራል። በመስታወት አልባዎቹ ግን ጣጣው ይቀራል፤ የሶኒው ርቀት 18፣ የአዲሱ ካኖን 20፣ የአዲሱ ኒኮን 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የቀረውን ክፍተት ባዶ አዳፕተር ይሞላዋል። በውስጡ መስታወት የሌለበት የብረት ቱቦ ነው፤ ዋጋውም ከሌንሱ ያነሰ ነው።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፈውን ያላነበበ ተማሪ የለም። ሻጩ የመኪናውን ሕመም ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ለሁሉም የአማካይ ዋጋ ያቀርባል፣ የጥሩ መኪና ባለቤትም ገበያውን ትቶ ይወጣል። ሰውየው በዚህ ሐሳብ በ2001 ኖቤል ተሸለመ። ያገለገለ ሌንስ ገበያ ከዚያ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የሌንስ ሕመም ውስጡ ነው። ነገር ግን ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የእጅ ስልክ መብራት ከኋላ አብርቶ በአግድም ሲያዩት የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። የቀዳዳው ስስ ብረቶች ዘይት ከነካቸው ይጣበቃሉ። የፎከሱ ቀለበት ከደነደነ ቅባቱ ደርቋል፤ አዲስ አበባ ላይ እንደምንም የሚዞረው ማለዳ ጮቄ ላይ አልዞርም ሊል ይችላል። በመጨረሻ ከገዢው ካሜራ ላይ ገጥሞ ሩቅ ኮረብታ ማንሳት ነው። ሻጭ ይህን ፈተና ከከለከለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መልሱ ተሰጥቷል። አስመጪውም ይህን ፈተና ራሱ አድርጎ የአንድ ወር ዋስትና በጽሑፍ ቢሰጥ ከጎረቤቱ በላይ ማስከፈል ይችላል፤ እስካሁን ማንም የማይሸጠው እምነቱን ነው።

ዕቃውን አከማችቶ ዋጋው እስኪወጣ ለመጠበቅ ለሚያስቡት አንድ ነገር ልበል። መስታወት አልባ ካሜራ ከተስፋፋ ወዲህ በውጭ አገር የአንዳንድ አሮጌ ሌንሶች ዋጋ ጨምሯል፤ ይህ እውነት ነው። የጨመሩት ግን በአብዛኛው ብርቅዬዎቹና ልዩ መልክ የሚሰጡት ናቸው። 135 ሚሊ ሜትሩ በ1960ዎቹና 70ዎቹ ካሜራ የገዛ ሁሉ ቀጥሎ የሚገዛው ሁለተኛ ሌንስ ስለነበር በዓለም ላይ ሞልቶ ተርፏል። ሞልቶ የተረፈ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አይወልድም። የዚህ ንግድ ትርፍ በመዞር እንጂ በመቀመጥ አይገኝም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ዕቃ ከዚህ ገበያ ጨርሶ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ሶቪየቶች ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ፎቶ ስናይፐር» የሚባል መሣሪያ ይሠሩ ነበር። የ300 ሚሊ ሜትር ታይር ሌንስ ከጠመንጃ ሰደፍ ጋር የተገጠመበት ነው፤ ትከሻ ላይ ተደግፎ በቃታ ይተኮሳል፣ ማለትም ያነሳል። ለአዕዋፍ አንሺ ድንቅ ፈጠራ ነበር፤ ለሰብሳቢም ያምራል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስከተለው ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ይህን ትከሻው ላይ አድርጎ በጎጃም ሜዳ ላይ የሚያነጣጥር ወጣት ሞቱን እየጠራ ነው። ከ300 ሜትር ርቀት ቆሞ የሚያየው ሰው፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሌንስ ነው ወይስ ሌላ ብሎ አያጣራም። ሰደፉን ፈትቶ ሌንሱን ለብቻው መሸጥ ይቻላል፤ ታይሩ ብቻውን ጥሩ ሌንስ ነው። በሰደፉ ምክንያት ተጨማሪ ዋጋ የሚጠይቅ ደላላ የሚሸጠው የሌላውን ሰው ሕይወት ነው። ሰደፍ የሌለው ረጅም ጥቁር ሌንስም ቢሆን ከመንገድ ዳር፣ ከድልድይና ከፍተሻ ጣቢያ አጠገብ ከቦርሳ መውጣት የለበትም። በበዓል ቦታም ቢሆን አዘጋጆቹን አስፈቅዶ፣ ሌንሱን አሳይቶ መግባት ነው።

ለገዛው ደግሞ የሚቀረው ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የጎጃም እርጥበት ለሌንስ ሻጋታ የተመቸ ነው። አሮጌ ሌንሶች ብዙ ጊዜ ከቆዳ ማኅደራቸው ጋር ይሸጣሉ፤ ማኅደሩ ስለሚያምርም ሻጩ ዋጋ ይጨምርበታል። ቆዳ ግን እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ይወልዳል። ሌንሱን ከዚያ አውጥቶ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ማስቀመጥ ነው፤ ከረጢቶቹን በየጊዜው እየለወጡ። ለማኅደሩ የተጠየቀውን ጭማሪ ግን አትክፈሉ።