ሾፌሩን ከማባረራችን በፊት በርሜሉን እንክፈት

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ሬዲዮ ዝግጅት ወይም ስለ ዶርም ኑሮ ማንበብ ለምዳችኋል። እኔ ዛሬ የማነሳው ስለ ናፍታ ነው። ርዕሱን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «አንተ ደግሞ መካኒክ ሆንክ እንዴ?» ብለው ስቀውብኛል። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ነገሩ ከእኛም ሙያ የራቀ እንዳልሆነ ትስማማላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ያደግሁት አርሲ ውስጥ ስንዴ በሚመረትበት ወረዳ ነው። በእኛ አገር ትራክተርና ኮምባይነር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ አሰላን ማዕከል አድርጎ ይሠራ ከነበረው ከካዱ ጊዜ ጀምሮ ገበሬው ከማሽን ጋር ተዋውቋል። አጎቴም ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር ሆኖ ያገለገለ ኮምባይነር ገዝቶ ነበር። እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በ2016 ዓ.ም. መኸር፣ ሥራዬ ከበርሜል ናፍታ በጎማ እየሳብኩ ማቅረብ ነበር።

በኅዳር፣ አጨዳው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ማሳ መሐል ቆመ። ሾፌሩ ፊልትሮ ቀየረ፤ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቆመ። የወጣው ፊልትሮ እንደ ንፍጥ የሚለጠልጥ ቡናማ ነገር ይዟል። ሾፌሩ «ናፍታው ውሃ አለው» አለ። አጎቴ ቱግ አለ። «ውሃውን ማን ጨመረው ታዲያ? ናፍታዬን ሸጠህ ውሃ ሞላህብኝ!» ሾፌሩ «ጋሼ፣ ልጆቼን ይንሳኝ፣ አንድ ሊትር አልነካሁም» ብሎ ማለ። የሰማው የለም። በዚያው ማታ ከሠራበት ግማሹን እንኳ ሳይቀበል ልብሱን ይዞ ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከአሰላ የመጣው መካኒክ ፓምፑን ፈታው። ኖዝሎቹም ተበላሽተዋል። ሰውየው ብዙ አልተናገረም፤ «በርሜሉ የት ነው?» ብቻ አለ። ጎማውን እስከ ታች ሰድዶ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳና ለጥቂት ደቂቃ አስቀመጠው። ናፍታው ከላይ፣ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ከታች፣ በመካከላቸው ያ ቡናማ ነገር ሆኖ ለየ። ቀጥሎ ሌሎቹን ማንም ያልከፈታቸውን በርሜሎች ቀዳ። እነሱም እንደዚያው ናቸው!

በዚህ ጊዜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እነዚያን በርሜሎች በሐምሌ፣ ናፍታ ሳይጠፋ ብለን ገዝተን ከአጥር ሥር ያቆምናቸው እኔና የአጎቴ ልጅ ነን። ክረምቱን ሙሉ አናታቸው ላይ ዝናብ ሲያቁር አይቻለሁ። አንዳንዱ ክዳን በደንብ አለመጥበቁንም አውቅ ነበር። ሾፌሩ ሲሰደብ ግን ዝም አልኩ። ለአጎቴ የነገርኩት መካኒኩ ከሄደ በኋላ ነው። አጎቴ ደንግጦ ደወለለት፤ ቀሪ ገንዘቡንም ላከለት። ይሁን እንጂ «ናፍታ ሌባ» የሚለው ወሬ ከእኛ ስልክ ቀድሞ ነበር። እሱም ወደ እኛ አልተመለሰም።

ነገሩን በኋላ ሳጠያይቅ የተረዳሁት ይህንን ነው። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ወደ ታች ይዘቅጣል። የቆመ በርሜል አናቱ ዙሪያውን ከንፈር አለው፤ ዝናብ ያቁራል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በክዳኑ ቀዳዳ ያቆረውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዝናብ ባይኖር እንኳ ግማሽ ጎድሎ በተቀመጠ ታንከር ውስጥ የአየሩ እርጥበት ሌሊት ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውሃና ናፍታ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ባክቴሪያና ሻጋታ ናፍታውን እየተመገቡ ይራባሉ። ያ የሚለጠልጠው ነገር የእነሱ ሥራ ነው። ፊልትሮ ይደፍናል፤ የሚያመነጩት አሲድም ብረቱን ይበላል። የናፍታ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው ስለሆነ ውሃ ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋተጋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ለማድረግ ሌባ አያስፈልግም። አንድ ክረምትና አንድ ችላ ያለ ልጅ ይበቃሉ።

መከላከያው ታዲያ ውድ አይደለም። በርሜልን ከመጠለያ ሥር፣ በእንጨት ላይ አጋድሞ ማስቀመጥ፤ መጠለያ ከሌለ ውሃው ክዳኑ ጋ እንዳያቁር ዘንበል ማድረግ። ትልቅ ታንከር ያለው ሰው ወደ አንድ ጎን ትንሽ አዘንብሎ ቢተክለውና ዝቅተኛው ቦታ ላይ ማፍሰሻ ቧንቧ ቢያወጣለት ውሃውን በየሳምንቱ ማስወገድ ይችላል። አዲስ ናፍታ ሲገባ ቢያንስ አንድ ሌሊት እንዲረጋ መተው ነው። መሳቢያው ጎማ ወለሉን እንዳይነካ ከፍ ብሎ ይታሰር። ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ ይውጣ። የተንጣለለውን ቆሻሻ ውሃም ጉድጓድ ውሃ አጠገብ መድፋት አይገባም። አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

«ታዲያ ጥፋቱ ሁሉ የገበሬው ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት አብዛኛው ነዳጅ ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል። ከመርከብ ወደ ዲፖ፣ ከዲፖ ወደ ቦቴ፣ ከቦቴ ወደ ማደያ ጉድጓድ ሲገላበጥ በየደረጃው ውሃና ቆሻሻ ሊገባበት ይችላል። ነጭ ጋዝ የሚቀላቅል ስግብግብም ይኖራል። ገበሬውም ቢሆን ናፍታ ለወራት የሚያከማቸው ወዶ አይደለም፤ እህሉ በደረሰ ጊዜ አላገኝም ብሎ ስለሚፈራ ነው። ነገር ግን ሲገዛ በንጹሕ ጠርሙስ ናሙና ወስዶ ቀኑን ጽፎ ያላስቀመጠ ሰው ከማደያው ጋር በምን ይከራከራል? ማደያዎችም ገዢው ናሙና ሲጠይቅ ፊት ሊነሱት አይገባም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ እንደሚያስተምሩት ሁሉ ማሽን በገባበት ቀበሌ ስለ ናፍታ አያያዝም ማስተማር አለባቸው እላለሁ።

ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ስለ ነዳጅ ብዙ ዜና ሰምተናል። ስለ ዋጋው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ኮንትሮባንዱ። መዘገቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዋጋ የተገዛው ናፍታ ገበሬው ቤት ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሆን የጠየቀ ጋዜጠኛ እኔ አላጋጠመኝም። አንድ ሊትር በተወደደ ቁጥር የተበላሸው አንድ በርሜልም አብሮ ይወደዳል እኮ!

ከዚህም የሚበልጠው ሌላው ነገር ነው። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። የቸኮለ ሰው ነው። ስንዴው ቆሟል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ የባንክ ዕዳ አለበት፤ ስለዚህ በቅርብ ያገኘውን ሰው ጥፋተኛ አደረገ። መካኒኩ ግን ማንንም ሳይከስ መጀመሪያ በርሜሉን ጠየቀ፣ ቀጥሎ ያልተከፈቱትን አየ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ያችን ሩብ ሰዓት ያጣ ሰው ስሙን አጣ። እኛም ነገ ማይክሮፎን ስንይዝ የሰው ስም በእጃችን ይገባል። በአንድ ወገን ቁጣ ብቻ ዜና ከሠራን ከአጎቴ በምን እንሻላለን? እውነቱን እያወቀ ዝም የሚል ደግሞ የዚያን ጊዜውን እኔን ይመስላል፤ እሱ ከሁሉም የባሰ ነው።

ስለዚህ ለእረፍት ወደ ገጠር የምትሄዱ ሁሉ፣ ቤተሰቦቻችሁ ናፍታ የሚያስቀምጡ ከሆነ በርሜሉ ቆሞ ወይስ ተጋድሞ እንደሆነ እዩልኝ። የቆመ ካለም ዝናቡ ሳይጀምር አጋድሙት።