ልኩ ኮርቻው ላይ ነው

በወሎ፣ በወግዲና በቦረና ደጋ በቅሎ የሚያሳድር ገበሬ የበቅሎዋ ጀርባ ተገጥቦ ሲያገኘው እንስሳዋን አይወቅስም። ኮርቻውን ገልብጦ መደላድሉ የት ላይ እንደሳሳ፣ እንጨቱ የት ላይ እንደሚነካ ይፈትሻል። «ቆዳዋ ስስ ነው፤ ስትቆይ ትለምደዋለች» ብሎ ያንኑ ኮርቻ መልሶ የሚጭን ቢገኝ ጎረቤት ይታዘበዋል። ገጣባ የኮርቻ ጥፋት እንጂ የበቅሎ ጥፋት አለመሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገም። ለበቅሎ የማይነፈገው ይህ ማስተዋል ግን ማውንቴን ብስክሌት ወደምትነዳ ሴት ሲመጣ ይጠፋል። ብሽሽቷ ተልጦ፣ መቀመጫዋ ቆስሎ ስትወርድ የሚሰጣት መልስ «ጀማሪ ስለሆንሽ ነው፤ ይለመዳል» የሚል ነው። የለበሰችው ቁምጣ ልኳ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቁምጣው ጭራሽ አይነሳም ማለቴ አይደለም፤ ይነሳል፣ ግን በሌላ በኩል። አንደኛው ወገን የሚያነሳው ነውርን ነው፦ አጠረ፣ ተጣበቀ፣ ገላ አሳየ። ሁለተኛው ወገን ዘመናዊ ነኝ ባዩ ሻጭ ነው፤ የወንዱን ቁምጣ አንድ ሁለት ቁጥር ቀንሶ፣ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር አስገብቶ «የሴት» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። ላያቸው ጠላቶች ይመስላሉ። በእኔ እምነት ግን የቆሙት አንድ ቦታ ነው፤ ሁለቱም ልብሱን የሚለኩት በተመልካች ዓይን ነው። አንዱ ተመልካቹን እንዳያስቀይም ይጨነቃል፣ ሌላው እንዲያማልል። ጨርቁ በለባሿ ገላና በኮርቻው መካከል ምን እያደረገ እንደሆነ አንዳቸውንም አላሳሰባቸውም። አማርኛ መጠንንም ትክክለኛነትንም በአንድ ቃል «ልክ» ይላቸዋል፤ የብስክሌት ቁምጣ ልክ መሆኑ የሚታወቀውም ኮርቻ ላይ እንጂ መስታወት ፊት አይደለም።

ነገሩን ከአጥንት እንጀምረው። ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ክብደቱን በአብዛኛው የሚያሳርፈው በዳሌው ግርጌ ባሉት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። በእነዚህ አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት በሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይሰፋል። ቁምጣው ውስጥ ያለው ስፖንጅ፣ የሰው መደላድል ልንለው እንችላለን፣ ለወንድ የተቆረጠ ከሆነ ወፍራሙ ክፍል ከአጥንቶቹ ወደ ውስጥ ገብቶ ሥጋውን ይጫነዋል፤ አጥንቶቹ ደግሞ ጠርዙ ላይ ይወድቃሉ። ጠርዙ ስፌት ያለበት ቦታ ነው። በሺህ በሚቆጠር የፔዳል ዙር ያ ስፌት ያንኑ ቆዳ ሲያሽ ውሎ ቆዳው ባይላጥ ነበር የሚገርመው። የወገብና የዳሌው ሂሳብም እንዲሁ ነው፤ ዳሌዋን በልኩ የያዘ የወንድ ቁምጣ ወገቧ ላይ ይንሳፈፋል፣ ወገቧን የያዘው ጭኗን ያንቃል። ተራራማ መንገድ ላይ ችግሩ ይበረታል። ኮርስ ብስክሌት የምትነዳ ሴት አስፋልት ላይ ጎንበስ እንዳለች ትቆያለች። የማውንቴን ነጂ ግን ቀጥ ያለ ዳገት ስትወጣ ወደ ኮርቻው ፊት ትጠጋለች፤ ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከኮርቻው ተነስታ መቀመጫዋን ወደ ኋላ ማሳለፍ አለባት። መሃሉ ወደ ታች የተንጠለጠለ ቁምጣ ያን ጊዜ የኮርቻው አፍንጫ ላይ ይጠለፋል። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ መውደቅ ነው። የኋላ ወገቡ ከፍ ተደርጎ ያልተቆረጠ ቁምጣ ደግሞ ነጂዋ ባጎነበሰች ቁጥር ጀርባዋን ያጋልጣል፤ ስለ ነውር አብዝቶ የሚጨነቀው ወገን ይህን አለማስተዋሉ ያስቃል።

ልብስን በተመልካች ዓይን የመለካት አባዜ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሌዲ ሐርበርተን እ.ኤ.አ. በ1898 ሰፊ የብስክሌት ሱሪዋን ለብሳ ሰሪ አውራጃ ወዳለ አንድ ሆቴል ስትገባ የቡና ክፍሉን ተከለከለች፤ በዓመቱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሆቴሉ ረታ። የክልከላው መነሻ ሱሪው ምን ይመስላል የሚለው እንጂ ለመንዳት ይመቻል ወይ የሚለው አልነበረም። አሜሪካዊቷ መሐንዲስ ጆርጂና ቴሪ እ.ኤ.አ. በ1985 የሴቶች ብስክሌት ኩባንያ ስታቋቁም ግን ጥያቄውን ገለበጠችው፤ የተነሳችው ከነጂዋ አካል ነበር፣ መጀመሪያ ከቁመቷ፣ በኋላም ከኮርቻዋ። ወደ ዘጠና ዓመት ከሚጠጋ ክርክር ያላገኘነውን መልስ ሜትር ይዞ የተነሳ ሰው አገኘው።

እኛስ? የወሎ ደጋ ይህን ጥበብ ከውጭ መማር አያስፈልገውም ነበር። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚያው ወሎ ለወረሂመኑ ግዛት ሥልጣን የተፎካከሩት ወርቂትና መስተዋት ጦር ያዘዙ ሴቶች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ ተጓዦችም የመኳንንት ሴቶች በቅሎ ሲቀመጡ ከቀሚሳቸው ስር ቁርጭምጭሚቱ በሐር የተጠለፈ ጠባብ ሱሪ ይለብሱ እንደነበር ጽፈዋል። የወንዱ ተነፋነፍ ሱሪም ጭኑ ላይ ሰፍቶ ባቱ ላይ የጠበበው ለጌጥ ብቻ ይመስላችኋል? ኮርቻ ላይ ለሚከፈት እግር የሚመች አቆራረጥ ነው። ስለዚህ «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ የምትቀመጥበት ልብስ ባህላችን አይደለም» የሚለው ሙግት ባህሉን አሳጥሮ የቆጠረ ነው። የማውንቴን ቁምጣ በአብዛኛው ሁለት ልብስ መሆኑንም አትርሱ፤ ስፖንጅ ያለበት ጠባብ የውስጥ ቁምጣና እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፊ የላይ ቁምጣ። የውስጡን በቀሚስ ስር የምታደርገውን ሴት የሚከለክላት የለም። ጨዋነትን የሚሻ ማኅበረሰብ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከላይኛው ልብስ ይገኛል። የውስጡ ግን የገላ ጉዳይ ነውና ለተመልካች አስተያየት አይቀርብም።

ከነጋዴው በኩል የሚመጣው መልስ «ላስቲክ ስለሆነ ሁሉንም ይይዛል» የሚል ነው። ጨርቁ ይለጠጣል፤ ስፖንጁ ግን አብሮት አይለጠጥም። ጨርቁ በተወጠረ መጠን ስፖንጁ ከቦታው ይሳባል፣ ጨርቁ ከላላ ደግሞ ይንሸራተታል። «እንግዲያው የሴት የተባለውን ትግዛ» የሚለውም አያሳርፍም። አማካይ ማለት እያንዳንዷ ሴት ማለት አይደለም፤ የወንድ ስፖንጅ በትክክል የሚገጥማት ሴት ትኖራለች፣ እሷን ምልክቱን አሳይቶ መመለስም ያው ጥፋት ነው። ከሰልባጅ የሚገዛው ቁምጣ ደግሞ ስፖንጁ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ በአውራ ጣት ተጭኖ ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ዋጋ የለውም። ብዙ ሻጭ የማይናገረውን አንድ ነገር ልጨምር፦ ስፖንጅ ካለው ቁምጣ ስር የውስጥ ሱሪ አይደረግም። ስፌቱ ሌላ ሰንበር ይጨምራል፣ ጥጡም ላብ ይዞ ይቀመጣል። በየጉዞው መታጠብም አለበት፤ ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀበሌ ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም።

የሚከብደው ተቃውሞ የድህነት ነው፤ ብስክሌቱ ራሱ ብርቅ በሆነበት አገር ስለ ቁምጣ ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። ሆኖም በአገራችን ውድድሮች ሴቶች በኮርስም በማውንቴንም ይሳተፋሉ፤ ሰላም አምሃም በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር ኢትዮጵያን ወክላለች። ብስክሌት በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ ነጂዋ በቁስል ምክንያት ግድግዳ ላይ ካስደገፈችው የባከነው ገንዘብ የቁምጣው ሳይሆን የብስክሌቱ ነው። ደግሞም ሁሉም ነገር ከውጭ አይጠበቅም። ስፖንጁን መስፋት ያስቸግር ይሆናል፤ የላይኛውን ቁምጣ ግን የቦረናዋ መካነ ሰላም ከተማ ልብስ ሰፊ በሲንጀሩ ሊሠራው ይችላል። አራቱ ስፌቶች ብሽሽት ላይ አንድ ነጥብ ላይ እንዳይገጥሙ መሃሉ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ያስገባል፣ የኋላ ወገቡን ከፊቱ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል። የሚቀረው ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት ደንበኛዋን ዱካ ላይ እግሯን ከፍታ እንድትቀመጥና ጎንበስ እንድትል መንገር ነው፤ ከኋላ ወገቧ እስከ መቀመጫዋ የሚጨመረው ርዝመት ቆማ ስትለካ አይታይም።