ጠመኔና ሞዴስ

«ይህ ደግሞ በጋዜጣ ይጻፋልን?» የሚል አንባቢ አይታጣም። ይሁን እንጂ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና ስለ ወር አበባ ጥቂት ለመናገር ተገደድሁ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት የክፍል ጓደኛችን፣ ደወል ተደውሎ ሁላችን ስንወጣ፣ ከወንበሯ አልነሣ አለች። ኋላም ሹራቧን በወገቧ አሥራ ስትወጣ ነገሩ የገባን ልጆች ሣቅን፤ እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርሁ። ልጅቱ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ያን ጊዜ ያፈረችው እርሷ ናት፤ ማፈር የሚገባን ግን እኛ ነበርን።

የወር አበባ የተፈጥሮ ሥራ እንጂ ነውር አይደለም። ችግሩ የሚብሰው ድኅነት ሲጨመርበት ነው። ሠርቶ አደር ለሆነ አባት ደብተር መግዛቱ ራሱ ጭንቅ ነው፤ ልጅቱም የሞዴስ ዋጋ ለመጠየቅ አፍራ ዝም ትላለች። ያረጀ ጨርቅ ብትጠቀምም፣ ውሃና መዝጊያ ያለው መጸዳጃ ቤት ከሌለ የምትለውጥበት ስፍራ የላትም። ስለዚህ ከቤት መዋልን ትመርጣለች። በወር 3 የትምህርት ቀን ብትቀር በ10 ወር 30 ቀን ይሆናል፤ በሳምንት 5 ቀን ለሚማር ይህ 6 ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ፈተና ስትወድቅ ሰነፍ እንላታለን!

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ባቋቋሙት ፋብሪካ፣ እየታጠበ እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል ሞዴስ አሠርተዋል፤ ስለዚሁም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2004 የተጨማሪ እሴት ታክስን ከሞዴስ ላይ አንሥታለች። ስኮትላንድም በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ በትምህርት ቤቶች ያለ ዋጋ እንዲገኝ አድርጋለች።

«ገንዘቡስ ከወዴት ይመጣል?» ይባል ይሆናል። ትምህርት ቤት ጠመኔ ሲያስፈልገው ተማሪው ከቤቱ ያምጣ አይልም፤ ያለ ጠመኔ ማስተማር አይቻልምና። ሞዴስ የሌላት ልጅም በየወሩ ከትምህርቷ ትጎድላለች። እንግዲያስ ሞዴስ ከጠመኔ ጋር በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ በምጽዋት ሳይሆን በበጀት ይገዛ። ቁልፉም በሴት መምህር እጅ ይሁን፤ የመጸዳጃው በር መቀርቀሪያ፣ ቧንቧውም ውሃ ይኑረው። ወንዶች ልጆችም ነገሩን በክፍል ይማሩት፤ እንደ እኔ ሥቀው ኋላ እንዳይጸጸቱ።