የሚዛን ጎደሬ ምን አጠፋ?

በማላጋም ሆነ በቫሌንሲያ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው አንድ ቦታ ተጎልቶ አይበላም። ከአንዱ መጠጥ ቤት ትንሽ ይቀምሳል፣ ይጠጣል፣ ያወራል፤ ከዚያ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ያዘግማል። ከመጠጡ ጋር የሚቀርቡትን ትንንሽ ምግቦች ስፔኖች «ታፓስ» ይሏቸዋል። ዛሬ በእነዚያ አሮጌ ሰፈሮች አስጎብኚ ከፊት፣ ቱሪስት ከኋላ ሆኖ ይሄዳል፤ ቀማሹ በዩሮ ይከፍላል፤ ሰፈሩም ይጠቀማል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ልማድ እኛም ዘንድ መኖሩ ነው። የቡና ተርታ ታዲያ ምንድን ነው? ዛሬ እትዬ እገሊት ቤት፣ ነገ ጎረቤቷ ዘንድ እየተጠራሩ መጠጣት አይደለም እንዴ? የቡና ቁርሱስ? በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መንደሮች ከስኒው ጋር የተቀቀለ ጎደሬ ይመጣል፤ ቦዬ ይመጣል፤ ቆጮ ይመጣል። ማሩ ከጫካ፣ ቡናው ከጓሮ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨሞ አለ፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከጤና አዳም ጋር ፈልቶ የሚጠጣው።

ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ምን እናቀርብለታለን? ስፓጌቲ! ስሙን በማልጠራው አንድ የሚዛን ሆቴል የምግብ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስፓጌቲ በስጎ፣ ስፓጌቲ በአትክልት፣ ክለብ ሳንድዊች... የአገሬው ጓዳ የሚያውቀው አንድም ነገር የለበትም። «ጨሞ የለም?» ብዬ ስጠይቅ አስተናጋጁ ልጅ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የቤት ነው» አለኝ።

ይህቺን «የቤት ነው» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ቃል መዝኑ እያልኩ እወተውት ነበር። በሌላው ዓለም የምግብ ቤት ደጃፍ ላይ «የቤት» የሚለው ቃል ሙገሳ ነው። እኛ ጋ ግን «ለሰው የማይቀርብ» ማለት ሆኗል። ልጁን አልወቅሰውም። ቅጠል የሚጠጣ ድሃ ነው፣ ጎደሬ የችግር ቀን ምግብ ነው እያለ ያሳፈረው ፊደል የቆጠረው ወገን ነው።

ይህ ንቀት ደግሞ በነጻ አይገኝም። የጌሻን ቡና ታሪክ አስታውሱ። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ምድር ወጣ፤ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል አድርጎ በ1953 ኮስታሪካ፣ ቀጥሎም ፓናማ ገባ። በ2004 በፓናማ ጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ሲያወጣ ዓለም ጉድ አለ፤ በ2019 ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። ተረኛው ቅጠሉ ይመስለኛል። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ በ2020 ፈቅዷል። ብራስልስ የፈቀደችውን ሚዛን ታፍርበታለች! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

«ንጽህናውስ?» የሚል አይጠፋም። ጨሞ እኮ ሲንተከተክ ቆይቶ የሚወርድ ነው፤ ጎደሬም በደንብ ካልበሰለ አይበላም። ከሆቴሉ ጥሬ ሰላጣ የቱ ያስፈራል? ለቀረው ንጹሕ ውኃና ጥቂት ሥልጠና ይበቃል።

«ባህል መሸጥ አይሆንም?» የሚለው ጥያቄ ግን ክብደት አለው። በሚዛን በኩል ወደ ሱርማ የሚያልፈው ጎብኚ ሰውን በፎቶ ሒሳብ እየከፈለ ሲያነሳ ኖሯል። እሱን ጠላሁት፣ አሁንም እጠላዋለሁ። ካሜራ የደቀነና ቁርስ የተካፈለ ግን አንድ አይደሉም። የተካፈለው ቁጭ ብሎ ስም ይጠይቃል፤ ስሙንም ይጠየቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ሲጠብቅ መጫወቱ አይቀርም። ደግሞስ በየሆቴሉ መግቢያ ሴት ልጅ ነጭ ቀሚስ አልብሰን፣ ከረከቦት ኋላ እንደ ጌጥ ስናስቀምጣት ባህሉን ያልሸጥነው መስሎን ነው?

ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ክልል ሹማምንት ይስሙኝ። የካፋ ጫካ በ2010፣ የሸካ ጫካ በ2012 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ዘንድ ተመዝግበዋል፤ ሰርተፊኬቱ ግን ለእንግዳ አይጠጣም። ሦስት ፈቃደኛ ቤቶች፣ አንድ የሰፈሩ ልጅ አስጎብኚ፣ አንድ ምሽት፤ መነሻው ይኸው ብቻ ነው። ገንዘቡም ጀበናውን ለጣደችው ሴት፣ በእጇ ይሰጥ፤ በደላላ በኩል አይዙርባት። እንግዳ የማትፈልግ ቤት ካለችም አትገደድ፤ ደጇ ይከበርላት።

ሆቴሎቹም ስፓጌቲያቸውን አይተዉ፤ የሚወደው ይብላ። ከሥሩ ግን በፊደላችን አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ጨሞ፣ ከጎደሬ ጋር። ያኔ ያ ልጅ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ያዛል።