ከዐረፋ ሥጋ በኋላ የድመታችን ገበታ



በዒድ አል-አድሓ (ዐረፋ) ሰሞን በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ፣ የኡድሕያ በግ ከታረደበት ግቢ ድመት አትጠፋም። ለሦስት አራት ቀን ጥሬ ሳንባና ቁርጥራጭ ሥጋ ይጣልላታል። ሥጋው ሲያልቅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሽሮ የነካው እንጀራ ይቀርብላታል። አሽትታው ስትሄድም፣ «ተዋት፤ ሲርባት ትበላለች» እንላለን።

ይህ አነጋገር ለድመት አይሠራም። ድመት ካለ ሥጋና መሰል ምግብ ጤናዋ አይጸናም። ጭራሽ መብላት ካቆመች የሰውነቷ ስብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል፤ ይህ በወፍራም ድመት ላይ ይብሳል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ፣ ሳታበላትም፣ የምድር ነፍሳትን ለቅማ እንድትበላ ሳትለቃትም ስለገደለች ሴት ቅጣት ነግረውናል። በራችንን ዘግተን ያኖርናት ድመት ሲሳይዋ በእጃችን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከበዓሉ ቀን ጀምሮ ሥጋዋን ቀቅለን እንስጣት። ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ተሕዋስ ያስይዛታል፤ ተሕዋሱም ከዓይነ ምድሯ ወደ ሰው ይተላለፋል። ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ ነፍሰ ጡር እናት የድመት ዓይነ ምድር ባትጠርግ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ከሥጋው ጥቂት እናስቀርላት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሦስት እጅ የለመደችውን፣ አንድ እጅ አዲሱን እንቀላቅል። ቀጥሎ እኩል በእኩል፣ ከዚያም ሦስት እጁን አዲሱን እናድርግ። ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይበቃል። ለብ ያለ ምግብ ሽታው ስለሚስባት ቶሎ ትቀርበዋለች።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ምግብ የወጥ ትራፊ አይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳሉ። ከሉካንዳ የሚገኝ ርካሽ ቁርጥራጭ፣ የተቀቀለ ሳንባ ወይም እንቁላል፣ ካለ ጨውና ካለ በርበሬ፣ ከጥቂት እንጀራ ጋር ይሻላታል። ወተት ብዙዎቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ ንጹሕ ውኃ ግን አይጉደልባት።

አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ወደ ቀድሞው ምግቧ እንመልሳት። እሱንም እንቢ ካለች ወይም ካስመለሳት ሳንውል ሳናድር የእንስሳት ሐኪም እናማክር።

ልጆቻችን ድመቷን በየቀኑ ሲመግቡ፣ መናገር ለማትችል ፍጡር ማዘንን ከእኛ ይማራሉ። አላህ ከአዛኞቹ ያድርገን።