ፕላስቲክን የሚያጠነክረው «ናኖ» የሚለው ስም ነውን?

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሁሉ ጭድ ለምን እንደሚጨመር ያውቃል። ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የጤፍ ጭድ ሲገባበት ግን ስንጥቁ ገና ከመነሻው ይታገታል። ጭዱ በደንብ ሳይረገጥ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ የቀረ እንደሆነ ግን ምርጉ በዚያው ቦታ ይረግፋል። ፖሊመሮችን በካርቦን ናኖ ቅንጣቶች ለማጠንከር የሚደረገው ጥረት ዋና ችግርም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሆኖም በየዓመቱ ለመመረቂያ ጥናት ከሚቀርቡልን የርዕስ ሐሳቦች አብዛኞቹ የቅንጣቱን ብርታት በሰፊው ሲያወሱ ስለ «አረጋገጡ» አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ አይጽፉም። ይህን አስተያየት እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

ናኖ ቅንጣት ለፖሊመር እንግዳ አይደለም። በረባሶ የሚሠራበት አሮጌ የመኪና ጎማ ጥቁር የሆነው ለጌጥ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የመኪና ጎማዎች ነጣ ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 በለንደን፣ ሲልቨርታውን በሚባለው ሰፈር በነበረ የጎማ ፋብሪካ ውስጥ የካርቦን ጥላሸት ጎማን እንደሚያጠነክር ታወቀ፤ ከ1910 በኋላም በአሜሪካ ፋብሪካዎች በስፋት ይጨመር ጀመር። የጎማው ዕድሜም በብዙ እጥፍ ረዘመ። የጥላሸቱ ቅንጣቶች ስፋታቸው ጥቂት ዐሥር ናኖ ሜትር ነው። እንግዲህ ናኖ የሚለው ቃል ፋሽን ከመሆኑ በፊት ብዙ አሥርት ዓመታት በእግራችን ስንረግጠው ኖረናል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ስለ ካርቦን ናኖቲዩብ ያሳተሙት ጽሑፍ ሌላ ተስፋ ከፈተ። (ተመሳሳይ ቱቦዎችን የሶቪየት ተመራማሪዎች በ1952 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንሥተዋቸው ነበር፤ ያስተዋላቸው ግን ጥቂት ነው።) በ2000 ነጠላ ቲዩቦች እየተጎተቱ ሲለኩ የውጪው ግድግዳቸው ከ11 እስከ 63 ጊጋፓስካል የሚደርስ ውጥረት ተቋቁሟል። እጅግ ጠንካራ የሚባለው የብረት ሽቦ ጥቂት ጊጋፓስካል ብቻ ነው።

አሁን ተማሪው ወረቀትና እርሳስ ያንሣ። የኢፖክሲ ሙጫ ግትርነት ወደ 3 ጊጋፓስካል፣ የናኖቲዩብ ደግሞ ወደ 1000 ጊጋፓስካል ነው። ከይዘቱ 1 በመቶ ቲዩብ ብንጨምርና ቲዩቦቹ በየአቅጣጫው ስለተበተኑ አንድ አምስተኛው ብቻ ይሠራል ብንል፣ 2 ጊጋፓስካል ይጨመርና 5 እናገኛለን። በቤተ ሙከራ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ይገኛል። እኛም በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናታችንን ስናካሂድ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎቻችን ቲዩብ ካልገባበት ንጹሕ ሙጫ ቀድመው ተሰበሩ። ያን ውጤት በመጀመሪያው ሪፖርታችን አላካተትነውም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ምክንያቱ ምን ነበር? ባለ አንድ ግድግዳ ናኖቲዩብ 1 ግራም ብቻ ከ1000 ካሬ ሜትር በላይ የገጽ ስፋት አለው፤ ይህም ከሁለት የቅርጫት ኳስ ሜዳዎች ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ገጽ ቲዩቦቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ግን ማበሩ ጠንቅ ነው፤ እብጠቱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናልና። በአልትራሳውንድ ስንበትናቸው ደግሞ ይቆራረጣሉ። ውፍረቱ 10 ናኖ ሜትር፣ ብርታቱ 50 ጊጋፓስካል የሆነ ቲዩብ ሙጫው በ50 ሜጋፓስካል ቢይዘው፣ ብርታቱን ሙሉ በሙሉ ለመስጠት ቢያንስ 5 ማይክሮ ሜትር መርዘም አለበት። ካነሰ ሳይሰበር ሾልኮ ይወጣል። በአሲድ አክመን አያያዙን ብናሻሽል ግድግዳውን እናቆስላለን።

ሁሉም ከሽፏል ማለታችን አይደለም። ቲዩቦቹ ተነካክተው መረብ ሲሠሩ ከ1 በመቶ በታች የሆነ መጠን እንኳ ፕላስቲኩን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደርገዋል፤ በመኪና የነዳጅ ቱቦዎች ውስጥ ብልጭታ እንዳይፈጠር አገልግሏል። በአንጻሩ የጀርመኑ ባየር በ2013 የናኖቲዩብ ሥራውን አቁሟል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ንጹሑን ሙጫ፣ በጥላሸት የጠነከረውንና በናኖቲዩብ የጠነከረውን በአንድ ዓይነት አሠራር ጎን ለጎን ሰብሮ የሚያሳይ ነው። ጥላሸት ርካሽ ነው፤ ሥርጭትንም ያስተምራል። ጥላሸቱ ካሸነፈም እንዲሁ ይጻፍ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ አዲስ ስም ላለው ርዕስ የተሻለ ማርክ የምንሰጠው እኛ መምህራኑ ነን።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም። በ2008 በብሪታንያ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ረጃጅም ናኖቲዩቦች እንደ አስቤስቶስ ያለ ቁጣ በሰውነት ውስጥ አስከትለዋል፤ በ2014ም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከእነዚህ አንዱን ዓይነት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት መድቦታል። ደረቁን ዱቄት በክፍት ጠረጴዛ ላይ እመዝናለሁ ለሚል ተማሪ ፈቃዱን አንፈርምም።